ሙዝስኮርን ኖታ ሳይጠፋ ማዘመን፦ ለሐዋሳ መዘምራን መሪዎችና የሙዚቃ አስተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ማታ ልምምድ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በመዘምራኑ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ፋይሉ አልከፈት አለኝ» የሚል መልእክት ይገባል። ላኪው ፋይሉን አላበላሸም፤ ተቀባዩም ያጠፋው ነገር የለም። አንዱ ኖታ የሚጻፍበትን ሙዝስኮር የተባለ ፕሮግራም በሳምንቱ መካከል አዘምኗል፣ ሌላው አላዘመነም። በዚህ ምክንያት የሚባክነው የልምምድ ሰዓት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ችግሩ አስቀድሞ በአንድ ወረቀት ላይ በተጻፈ ዝርዝር የሚፈታ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በላፕቶፕ ኖታ ለሚጽፉ የመዘምራን መሪዎች፣ አቀናባሪዎችና የኪቦርድ አስተማሪዎች ነው። በምሳሌነት የያዝኩት ዊንዶውስን ነው። የፕሮግራሙ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ስለሚታዩ ስማቸውን እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፕሮግራሙ «ሙዝስኮር ስቱዲዮ» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ግን አሁንም ሙዝስኮር ስለሚለው እኔም እንዲሁ እላለሁ።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በተለይ ሦስተኛውን ዘሎ ወደ አምስተኛው የሄደ ሰው ለቅሶው የራሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን በየትኛው ሥሪት እንደሚሠራ መዝግቡ

የሙዝስኮር ሥሪት የአንድ ሰው የግል ጉዳይ አይደለም። ፋይል የምትለዋወጡ ከሆነ የምታዘምኑት ቡድኑን እንጂ አንድ ላፕቶፕ ብቻ አይደለም።

1. ሙዝስኮርን ክፈቱ፤ «ሄልፕ» ከሚለው ዝርዝር «አባውት» የሚለውን ተጫኑ። የሥሪቱ ቁጥር ይታያል። በሥሪት 4 ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የመቅጃ ምልክት አለ፤ ስትጫኑት ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ዓይነት ጋር ይቀዳላችኋል።
2. በዊንዶውስ 10 ላይ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አባውት» ግቡ። «ሲስተም ታይፕ» በሚለው መስመር 32 ቢት ወይም 64 ቢት መሆኑን እዩ።
3. ኖታውን የሚያርሙ ሰዎችን ብቻ ዘርዝሩ፦ ስም፣ የሙዝስኮር ሥሪት፣ የዊንዶውስ ሥሪት፣ 32 ወይም 64። አንብቦ የሚዘምር ሰው ፒዲኤፍ ይበቃዋል፤ እሱን በዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ።

ዝርዝሩን ስታነቡ ይህን ያዙ። ሙዝስኮር 4 በ3፣ በ2 እና በ1 የተጻፉ ፋይሎችን ይከፍታል። ሙዝስኮር 3 ግን በ4 የተቀመጠን ፋይል አይከፍትም። በ4 ቤተሰብ ውስጥም ቢሆን በአዲሱ ንዑስ ሥሪት የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው ላይ ማስጠንቀቂያ ሊያመጣ ይችላል።

ሙዝስኮር 4 ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ፣ ያውም 64 ቢት ይፈልጋል። በዝርዝራችሁ ውስጥ ዊንዶውስ 7 ወይም 32 ቢት ያለው አራሚ ካለ እሱ በ3.6.2 ላይ ይቀራል፤ የ3 ቤተሰብ የመጨረሻው ሥሪት ይህ ነው። ያኔ ምርጫችሁ ሁለት ነው፦ ወይ ቡድኑ በሙሉ 3.6.2 ላይ ይቆያል፣ ወይ ደግሞ ያ ሰው ኖታውን በሌላ መንገድ ይቀበላል። ሌላው መንገድ ደረጃ 9 ላይ አለ። እንደ እኔ፣ ከአራሚዎቹ ግማሽ ያህሉ መሻገር ካልቻሉ 3.6.2 ላይ መቆየት ይሻላል። አራት ድምፅ ላለው መዝሙር ከበቂም በላይ ነው፤ አዲስ ቁጥር ስለወጣ ብቻ የሚሠራን ነገር መተው አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ምረጡ

ሰኞ ወይም ማክሰኞ አዘምኑ። ዓርብና ቅዳሜ አይሆንም። ከገና፣ ከፋሲካ፣ ከፊቼ ጫምባላላ በፊት ባለው ሳምንትም አይሆንም፤ የሠርግ መዝሙር ተረክባችሁ ከሆነም ሠርጉ ይለፍ። የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት በመጫን መካከል ቢሄድ ችግር እንዳይገጥማችሁ።

ደረጃ 3፦ ምትኬ ያዙ

ብዙ ሰው ምትኬ የሚለው ያንኑ ፋይል በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሌላ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥን ነው። ላፕቶፑ ቢበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ አድርጉ።

1. ሙዝስኮርን ዝጉ። ተከፍቶ ያለ ፋይል አትቅዱ።
2. የኖታ ማህደራችሁን ሙሉውን ወደ ፍላሽ ቅዱ። በፍላሹ ላይ ለማህደሩ ቀኑንና ሥሪቱን የያዘ ስም ስጡት፤ ለምሳሌ «ኖታዎች፣ ከማዘመን በፊት፣ 3.6.2»።
3. ፍላሹን ከመንቀልህ በፊት «ኢጀክት» የሚለውን ተጫን የሚል ምክር ሁሉም ሰምቷል፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። ፈጽሙት። መጠኑ ዜሮ የሆነ የኖታ ፋይል ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍላሹን በጥድፊያ የነቀለ ነው።
4. ከፍላሹ ላይ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ያልተከፈተ ምትኬ ምትኬ አይባልም።
5. ዋና ዋና መዝሙሮቻችሁን አሁን ባለው ሥሪት ወደ ፒዲኤፍ አውጡ፦ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኤክስፖርት»፣ ቀጥሎ «ፒዲኤፍ»።

አምስተኛውን ሰዎች ይዘሉታል፤ ጥቅሙ ደግሞ ድርብ ነው። ማዘመኑ ቢሰናከል እሑድ በእጃችሁ የሚታተም ነገር ይኖራል። ካዘመናችሁ በኋላም የኖታው መልክ ተለውጦ እንደሆነ የምታስተያዩት ከዚህ ጋር ነው።

ፓሌቱን፣ ማለትም የኖታ ምልክቶች የተደረደሩበትን ሰሌዳ፣ በራሳችሁ መንገድ አዘጋጅታችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለአንቺሆዬ ቅኝት የራሳችሁን የቁልፍ ምልክት ሠርታችሁ ከሆነ፣ ገጹን በስክሪን ፎቶ ያዙት። ከ3 ወደ 4 ስትሻገሩ ያዘጋጃችሁት የመሥሪያ ገጽ በራሱ ተከትሎ አይመጣም፤ እንደገና መሥራት ይኖርባችኋል። በ3 ላይ የጫናችኋቸው ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ «ፕለጊን» የሚባሉት፣ አብዛኞቹ በ4 ላይ አይሠሩም። ያለ አንዱ መሥራት የማትችሉ ከሆነ ለ4 የተዘጋጀ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን ፋይል አውርዱ

በዚህ ደረጃ የሚሳሳት ሰው ብዙ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ሙዝስኮር ነፃ ነው። በጂፒኤል ሥሪት 3 ፈቃድ የሚሰራጭ ክፍት ፕሮግራም ነው፤ ለመጫንም፣ ለማዘመንም፣ ኖታ ለማተምም ክፍያ የለውም። መገኛው ሙዝስኮር ዶት ኦርግ ነው። ሙዝስኮር ዶት ኮም ሌላ ነው፤ እሱ የተዘጋጁ ኖታዎች የሚገኙበትና የአባልነት ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ነው። የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ መስኮት ከመጣባችሁ የገባችሁበት ቦታ ፕሮግራሙን የምታወርዱበት አይደለም፤ ዝጉትና ተመለሱ።

«ክራክ የተደረገ ሙዝስኮር»፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተሰብሯል የተባለ፣ በፍላሽ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትግዙ። ነፃ ለሆነ ነገር ክራክ አያስፈልገውም፤ በውስጡ የተጨመረው ምን እንደሆነ ደግሞ ከሻጩ በቀር የሚያውቅ የለም። የኮምፒውተር ባለሙያ ለጉልበቱ ቢያስከፍል ሌላ ጉዳይ ነው።

1. በማውረጃው ገጽ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ «ሙዝ ሀብ» የሚባለውን ጨምሮ የሚያወርድ ነው። ሙዝ ሀብ «ሙዝ ሳውንድስ» የተባሉትን የተሻሉ ድምፆች የሚያመጣ የተለየ ፕሮግራም ነው። ድምፆቹ ሲደመሩ በርካታ ጊጋባይት ይሆናሉ። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ያለ ሙዝ ሀብ የሚያወርደውን መስመር ፈልጉ።
2. ከዊንዶውሳችሁ ጋር የሚስማማውን ምረጡ።
3. የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ካላችሁ ያኔ አውርዱ። ማውረዱ ከተቋረጠ በአሳሹ የማውረጃ ዝርዝር ውስጥ «ሪዙም» የሚለውን ሞክሩ።
4. አንዱ ካወረደ በኋላ ለሌሎቹ በፍላሽ ያድርስ። ስምንት ሰው ያንኑ ፋይል በየፊናው በየራሱ ብር የሚያወርድበት ምክንያት የለም። ሁሉም ከአንድ ፋይል ሲጭኑ ሥሪታቸውም በትክክል አንድ ይሆናል።

ፕሮግራሙ ራሱ አዲስ ሥሪት እንዳለ ነግሯችሁ ከሆነ፣ ወይም «ሄልፕ» ውስጥ «ቼክ ፎር አፕዴት» ብላችሁ ካገኛችሁ፣ ወዲያውኑ እሺ አትበሉ። «በኋላ አስታውሰኝ» በሉትና ለቡድኑ አሳውቁ።

ደረጃ 5፦ ጫኑ

1. ሙዝስኮርን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። በርካታ መስኮት ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ከታች ያለውን የተግባር መስመር እዩ።
2. የወረደውን ፋይል ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጉ፤ የሚመጣውን ፈቃድ ስጡ።
3. ከ3 ወደ 4 የምትሻገሩ ከሆነ 3ን አታራግፉ። ሁለቱ በየራሳቸው ማህደር ስለሚቀመጡ አይጋጩም። ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት ጎን ለጎን ይቀመጡ።
4. ከ4 ወደ አዲስ ንዑስ ሥሪት የምትሄዱ ከሆነ ግን አዲሱ አሮጌውን ይተካል። ስለዚህ የአሮጌውን መጫኛ ፋይል በፍላሹ ላይ አስቀሩ።

የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ፦ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ ኃላፊውን ጠይቁ። ካልተፈቀደላችሁ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሥሪት አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ተጭኖ አልነሳ ካለ፦ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። ቀጥሎ የግራፊክስ ሾፌሩን አዘምኑ፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነጭ መስኮት ብቻ ወጥቶ መቅረት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ይህም ካልሠራ የፕሮግራሙን አቋራጭ ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡ፤ «ታርጌት» በሚለው ሳጥን መጨረሻ ላይ፣ ከትእምርተ ጥቅሱ ውጪ፣ አንድ ክፍተት፣ አጭር ሰረዝና ትልቁን የእንግሊዝኛ «ኤፍ» ጨምሩና ክፈቱት። ይህ ቅንብሮችን ሁሉ ፕሮግራሙ ገና ሲጫን ወደነበሩበት ይመልሳል፤ ኖታዎቻችሁን አይነካም። ፕሮግራሙ ሲነሳ የጨመራችሁትን ፊደል ማጥፋት አትርሱ፤ አለበለዚያ በከፈታችሁት ቁጥር ቅንብራችሁን ይደመስሳል።

ደረጃ 6፦ አንድ ኖታ በቅጂ ላይ ፈትኑ

በጣም አስቸጋሪውን መዝሙራችሁን ምረጡ፤ ሁለት ሦስት ስንኝ ያለውን፣ ድግግሞሽ የበዛበትን። ቅጂ አውጡለትና ቅጂውን በአዲሱ ሥሪት ክፈቱ።

የድሮ ፋይል ስትከፍቱ የኖታውን መልክ ላሻሽለው ወይ የሚል መስኮት ሊመጣ ይችላል። በውስጡ «ሌላንድ» የተባለውን የኖታ ምልክቶች ፎንት፣ «ኤድዊን» የተባለውን የጽሑፍ ፎንት፣ እንዲሁም የምልክቶችን አቀማመጥ እንደገና ማስተካከልን የሚመለከቱ ምርጫዎች አሉ። ለመጀመሪያው ፈተና ሁሉንም ምልክት አንሱ። ውበቱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ አሁን የምትፈልጉት ምን እንደተለወጠ ማየት ነው።

አሁን በደረጃ 3 ያወጣችሁትን ፒዲኤፍ ጎን ለጎን ክፈቱና አስተያዩ። የምታዩት የሚከተለውን ነው።

የገጹ ብዛት። ሥሪት 4 በኖታዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰላበት መንገድ ከ3 የተለየ ነው፤ ስለዚህ አራት ገጽ የነበረው አምስት ሊሆን ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹ መዘምራን የድሮውን ወረቀት፣ ግማሹ አዲሱን ይዞ ከቆመ መሪው «ሦስተኛው ገጽ ላይ» ሲል አልቶዎቹ ሌላ ቦታ ናቸው። መፍትሔው በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ የልምምድ ምልክት ማስቀመጥ ነው፦ ኖታውን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤምን ተጫኑ። ከዚያ በኋላ በገጽ ሳይሆን በምልክቱ ትጠራላችሁ።

ድግግሞሾቹ። አጫውቱትና እስከ መጨረሻው ስሙት።

ግጥሙ። ለዚህ የራሱ ደረጃ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 7፦ የአማርኛውን ግጥም አስተካክሉ

በሐዋሳ አንድ መዘምራን በአንድ እሑድ በሲዳምኛም በአማርኛም ይዘምራል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ካዘመናችሁ በኋላ የሲዳምኛው መዝሙር እንዳማረበት ይከፈታል። የአማርኛው ግን አንዳንድ ጊዜ ባዶ ሳጥን ብቻ ይሆናል፤ ወይም ፊደሉ ተለውጦ እርስ በእርሱ ይነካካል። ሰው ይህን ሲያይ «የአማርኛ ፋይሎቻችን ተበላሹ» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሹም። ኤድዊን የኢትዮጵያ ፊደል የለውም፤ ኮምፒውተሩም በቦታው ሌላ ፎንት ለመተካት ሲሞክር ያገኘውን ያስገባል፣ ካጣ ሳጥን ይሥላል። ግጥሙ በፋይሉ ውስጥ እንዳለ ነው።

1. በኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ፎንት መኖሩን አረጋግጡ። ዊንዶውስ 10 «ኤብሪማ» የተባለውን ይዞ ይመጣል። «ኒያላ» ደግሞ በአማራጭነት የሚጨመር ነው። «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» እና «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» በነፃ ይገኛሉ። ሁሉም አራሚዎች አንድ ፎንት ይምረጡና ይጫኑ።
2. ፎንት ከጫናችሁ በኋላ ሙዝስኮርን ዘግታችሁ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ፎንቱ በዝርዝሩ ውስጥ ላይታይ ይችላል።
3. «ፎርማት»፣ ቀጥሎ «ስታይል»፣ ቀጥሎ «ቴክስት ስታይልስ» ግቡ።
4. «ሊሪክስ ኦድ ላይንስ» የሚለውን መርጣችሁ ፎንቱን ለውጡ።
5. «ሊሪክስ ኢቭን ላይንስ» የሚለውንም መርጣችሁ እንዲሁ ለውጡ።

አራተኛውን ሠርቶ አምስተኛውን የረሳ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው ልንገራችሁ። አንደኛውና ሦስተኛው ስንኝ ይስተካከላሉ፤ ሁለተኛውና አራተኛው ሳጥን እንደሆኑ ይቀራሉ። ሙዝስኮር ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን የግጥም መስመሮች ከሙሉ ቁጥሮቹ ለይቶ ስለሚያስተዳድር ነው።

አሁንም ያልተለወጠ ቃል ካለ ያ ቃል በእጅ ለብቻው ፎንት ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው። ቃሉን ምረጡና በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ሴሌክት» ከሚለው ተመሳሳዮቹን ሁሉ ምረጡ፤ ከዚያም በጎን ባለው «ፕሮፐርቲስ» ሰሌዳ ፎንቱን በአንድ ጊዜ ለውጡ።

ሲታተም እንዳይለወጥባችሁ ለማተሚያ ቤት ምንጊዜም ፒዲኤፍ ስጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ የሙዝስኮር ፋይል ግን አይዝም።

«ካዘመንኩ በኋላ ኖታ ማስገባት አልቻልኩም» ስትሉ፦ ከማማረራችሁ በፊት የኪቦርዱን ቋንቋ እዩ። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ኖታ ማስገቢያውን የሚከፍተው «ኤን»ም ሆነ ኖታዎቹን የሚያስገቡት ፊደላት ብዙውን ጊዜ አይታዘዙም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብራችሁ በመጫን ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ። ግጥም ለመጻፍ ኮንትሮልና ኤልን ከተጫናችሁ በኋላ ወደ አማርኛ ትለውጣላችሁ፣ ስትጨርሱ ትመልሳላችሁ። «አዲሱ ሥሪት ተበላሽቷል» ከሚሉኝ ሰዎች የጥቂት የማይባሉት ችግር ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ ድምፁን አረጋግጡ

ድምፅ ከጠፋ ኤፍ10ን ተጫኑ፤ ሚክሰሩ ይከፈታል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የተመደበውን ድምፅ እዩ፤ ባዶ ከሆነ «ሳውንድፎንትስ» ከሚለው ውስጥ «ኤምኤስ ቤዚክ»ን ምረጡ። ሚክሰሩ ደህና ከሆነ ወደ «ፕሪፈረንስስ» ገብታችሁ የድምፅ ማውጫው መሣሪያ የላፕቶፑ ስፒከር መሆኑን እዩ፤ ነቅላችሁት የሄዳችሁት ብሉቱዝ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በ3 ላይ «ኤስኤፍዜድ» የሚባለውን ዓይነት የድምፅ ፋይል ትጠቀሙ ከነበረ 4 አይቀበለውም።

ማጫወቱ የሚቆራረጥ ከሆነና ሙዝ ሳውንድስን ጭናችሁ ከሆነ «ቪው» ውስጥ «ፕሌይባክ ሴትአፕ» ግቡና ወደ መሠረታዊው ድምፅ መልሱት። ትንሽ ራም ላለው ላፕቶፕ ያ ይበቃዋል፤ ቴነሮች ክፍላቸውን የሚያጠኑት የቫዮሊኑን ጥራት አይተው አይደለም።

ደረጃ 9፦ ፋይል አልከፈት ሲል

ከሦስቱ አንዱ ነው። መልእክቱን ሳታነቡ «እሺ» ብላችሁ አትለፉት፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

ሀ. «ፋይሉ በአዲስ ሥሪት የተቀመጠ ነው» ካለ። ፋይሉ ጤነኛ ነው። ላኪው በ4 ላይ ከፍቶ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኤክስፖርት» ብሎ «ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል» የሚለውን መርጦ ይላክላችሁ። ይህ በ3.6.2 ላይም በሌሎች የኖታ ፕሮግራሞች ላይም ይከፈታል። ኖታው፣ ግጥሙና የቁልፍ ምልክቱ ይመጣሉ፤ በእጅ የተስተካከለ የገጽ አቀማመጥና የሚክሰር ቅንብር ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ ፒዲኤፉንም አብሮ ይላክ። በሁለቱ መካከል በየሳምንቱ ወዲያና ወዲህ አትመላለሱ፤ በእያንዳንዱ ጉዞ የሚጠፋ ነገር አለ። ዋናው ፋይል በአንድ ሰው እጅ ይሁን፣ ሌሎቹ እርማታቸውን ለእሱ ይላኩ።

ለ. የፋይሉ መጠን ዜሮ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልተነበበ። ላዩ ላይ ምንም አታስቀምጡ። ፋይሉ ወደነበረበት ማህደር ሂዱና የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ሥሪት 4 በኖታው ማህደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምርና «ኤምኤስሲ ባክአፕ» የሚል ማህደር ያስቀምጣል። በውስጡ ከመጨረሻው ማስቀመጥ በፊት የነበረው ቅጂ አለ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ የማዕበል ቅርጽ ያለው ሰረዝ ታያላችሁ። ወደ ሌላ ማህደር ቅዱት፣ ያንን ሰረዝ ከስሙ ላይ አጥፉ፣ ክፈቱት። ሥሪት 3 ደግሞ ምትኬውን በዚያው ማህደር ውስጥ በነጥብ በሚጀምርና በእንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝ በሚያልቅ ስም ይሰውረዋል፤ ነጥቡንና ሰረዙን አጥፉ።

መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ከጠፋባችሁ ደግሞ ፋይሉን በሙዝስኮር 4 መልሳችሁ ክፈቱ፤ በየደቂቃዎቹ ልዩነት በራሱ ያስቀመጠውን ሊያወጣላችሁ ይችላል። ክፍተቱን «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ አሳጥሩት፤ መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ አይበዛም።

ሐ. «ኖታው ተበላሽቷል» ብሎ የሜዠርና የመስመር ቁጥር ከጠቀሰ። በዚያ ሜዠር ውስጥ ያለው ምት ከተወሰነው በልጧል ወይም ጎድሏል ማለት ነው። ቁጥሩን ጻፉ፤ በማንኛውም መንገድ ክፈተው የሚለውን መርጣችሁ ግቡና በሌላ ስም አስቀምጡ። ከተበላሸው ሜዠር ፊት አዲስ ባዶ ሜዠር ጨምሩ፤ ኖታውን በእጃችሁ እንደገና ጻፉ። ቀድታችሁ አትለጥፉ፣ ብልሽቱንም አብራችሁ ትቀዱታላችሁ። ቀጥሎ የተበላሸውን ሜዠር መርጣችሁ በኮንትሮልና ዲሊት አስወግዱ። ዘግታችሁ ክፈቱ፤ መልእክቱ ካልመጣ ድኗል።

ደረጃ 10፦ መልስ በሚያስገኝ መንገድ እርዳታ ጠይቁ

«ሙዝስኮር አልሠራ አለኝ፣ እባካችሁ» ለሚል ሰው ከአዛኝ ቃል በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። የሚረዷችሁ ሰዎች አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ኮምፒውተራችሁን አያዩትም።

ከመጠየቃችሁ በፊት ኖታው የተጻፈበትን ፋይል ሳይሆን አዲስ ባዶ ኖታ ከፍታችሁ ያንኑ ድርጊት ሞክሩ። ችግሩ እዚያም ከመጣ የፕሮግራሙ ወይም የቅንብሩ ነው፤ ካልመጣ የፋይሉ ነው። የቅንብር መሆኑን ለመለየት «ሄልፕ» ውስጥ «ሪቨርት ቱ ፋክትሪ ሴቲንግስ» አለ፤ ያዘጋጃችሁትን ፓሌትና አቋራጭ ቁልፎች እንደሚያጠፋ አውቃችሁ ተጠቀሙበት። ይህን ፈትናችሁ መምጣታችሁ ብቻ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል።

በከተማው ላለ ወዳጅም ሆነ በሙዝስኮር ዶት ኦርግ የጥያቄ መድረክ ላይ ላሉት የምትጽፉት መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ሙዝስኮር 4 ላይ ነኝ፤ ሙሉው የሥሪት ቁጥር ከታች አለ። ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት። በ3.6.2 የተጻፈ ፋይል ከፈትኩ። ሜዠር 12 ላይ፣ በአልቶ መስመር፣ ሁለተኛውን ስንኝ ስጽፍ ስፔስ ስጫን ወደ ቀጣዩ ኖታ አይሄድም። ወደ ቀጣዩ ኖታ እንዲሄድ ጠብቄ ነበር። በአዲስ ባዶ ኖታ ላይ ችግሩ የለም። ፋይሉን አያይዣለሁ።»

ሥሪቱ፣ የሠራችሁት፣ የሆነው፣ የጠበቃችሁት፣ የፈተናችሁት፣ ፋይሉ። በእንግሊዝኛ ስትጽፉም ይኸው ቅደም ተከተል በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃል፤ ማንም የሰዋስው ነጥብ አይቆጥርባችሁም። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ፋይሉን ላኩ። አንድ ጉዳይ በአንድ መልእክት ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ መዝሙሩ ገና ያልወጣ ወይም የሌላ ሰው ድርሰት ከሆነ ሙሉውን ለሕዝብ አትለጥፉ። ቅጂ አውጡ፣ ችግሩ ያለበትን አራት ሜዠር አስቀርታችሁ ሌላውን ሰርዙ፣ ግጥሙን በማንኛውም ቃል ተኩ፣ ችግሩ አሁንም መኖሩን አይታችሁ ያንን ላኩ።

ፕሮግራሙ በራሱ የሚዘጋ ከሆነ የሠራውን የሚመዘግብበትን የምዝግብ ፋይል ጨምሩ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጫኑና በፐርሰንት ምልክቶች መካከል «ሎካል አፕዳታ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ በሚከፈተው ማህደር ውስጥ «ሙዝስኮር»፣ ቀጥሎ «ሙዝስኮር4»፣ ቀጥሎ «ሎግስ» አለ። በቀን የመጨረሻውን ውሰዱ። እውነተኛ የፕሮግራም ስህተት መሆኑ ከታወቀ መመዝገቢያው ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ ነው፤ ከመመዝገባችሁ በፊት ሌላ ሰው መዝግቦት እንደሆነ ፈልጉ።

ደረጃ 11፦ መመለስ ካለባችሁ

ከ3 ወደ 4 ተሻግራችሁ ከሆነና ሐሙስ ድረስ ካልተስተካከለ አትታገሉ። 3.6.2 አሁንም በላፕቶፑ ላይ አለ፤ በፍላሹ ያስቀመጣችኋቸውን ፋይሎች በእሱ ክፈቱና ለእሑድ በእነዚያ ሥሩ። ካዘመናችሁ በኋላ በ4 የጻፋችሁት አዲስ ነገር ካለ በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል አውጥታችሁ አስገቡት።

ከ4 ወደ ቀደመው 4 የምትመለሱ ከሆነ አዲሱን ከዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር አራግፉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ በፍላሹ ያስቀራችሁትን የአሮጌውን መጫኛ ጫኑ። ሲከፈት አዲስ ሥሪት አለ ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል፤ በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ በራሱ እንዳይፈትሽ ምልክቱን አንሱ። ከዚያ በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡና ከስማችሁ ፊት ያለውን ቁጥር አርሙት፤ ለቡድኑም ፎቶውን ላኩ።